ውሃው ከየት መጣ?

38 ሊትር ውሃ ከምንም ለመፍጠር ምን ያህል ጉልበት ይፈጃል? ይህ የፈተና ጥያቄ አይደለም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር አምስት ወጣቶች፣ በአንድ ጨዋታ መካከል ያነሣነው ጥያቄ ነው። መልሱን ያገኘን ዕለት ብዙ ሳቅን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ጥያቄ ከመካከላችን የአንዷን ጤንነት የሚነካ ሆነ። ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስተዋውቃችሁ። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሠሩት ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ስክሪን አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ ወታደር፣ አዳኝ፣ ፈዋሽ ወይም ጠቢብ። «በሩን ገፍቼ እከፍታለሁ» ትላለህ፤ ዕጣ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከበቃ በሩ ይከፈታል። ዕጣው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። እኛ ስላላገኘን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ጆግ ውስጥ ከትተን እናወጣለን።

ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። በቤተ መንግሥትና በድራጎን ፈንታ ታሪካችን በአንድ የሲራራ ጉዞ ላይ ነው የተመሠረተው። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ጭነው ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ተጫዋቾቼ የነጋዴዎቹ ጠባቂዎች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በብሎካችን ኮሙናል ውስጥ እንገናኛለን። ኮሙናሉ ለቅሶ ወይም ድግስ ካለበት ደግሞ ደረጃው ላይ እንቀመጣለን።

በጨዋታው ውስጥ አንዳንድ ሰዎች ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ችሎታ አላቸው፤ እሳት ይወረውራሉ፣ ዕቃ ያንሳፍፋሉ፣ ውሃ ያመጣሉ። ይህን በአማርኛ ስንናገር የመጣልን ቃል «አስማት» ነበር። እናቴ ልብስ ልታሰጣ በኮሙናሉ ደጅ ስታልፍ ሰማችው። የታጠበውን ልብስ እንደ ያዘች ቆመች።

«ምንድን ነው እሱ የምትደጋግሙት?» አለች።

እናንተም ብትሆኑ እናቶቻችሁ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ክርስቲያን ወላጆች በዚሁ ጨዋታ ምክንያት ተጨንቀው ነበር። የእናቴ ጭንቀት ግን ከሩቅ አገር የመጣ አልነበረም። በእኛ አገር ይህ ቃል የልጆች መጫወቻ ሆኖ አያውቅም። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። የተሰወሩ ስሞችን የሚያውቅና የሚደግም ሰው በመናፍስት ላይ ሥልጣን ያገኛል ከሚለው አሳብ ጋር አብሮ የኖረ ቃል ነው። እናቴ ባደገችበት አካባቢ ለድግምትና ለክታብ በሬያቸውን የሸጡ ሰዎችን ታውቃለች።

ከፊቷ ቁጭ ብዬ ጨዋታውን አስረዳኋት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ከየት እንደ መጣ የማታውቁትን ነገር ወደ ቤታችሁ አታስገቡ።»

ይህ የእናቴ ቃል የጨዋታችን ሕግ ሆነ። በታሪካችን ውስጥ መንፈስ መጥራት አይኖርም። «አስማት» የሚለውንም ቃል ትተን «ችሎታ» እንላለን። ከሁሉም በላይ ግን፣ ማንኛውም ችሎታ «ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለበት። ጉልበቱ ከየት መጣ? ቁሱ ከየት መጣ? መልስ የሌለው ችሎታ አይሠራም።

በቂሊንጦ በኩል ባለው ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚማረው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ እየሳቀ፣ «እማማ እኮ የጉልበት አለመጥፋትን ሕግ ነው የተናገሩት!» አለ። እውነቱን ነው። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል፣ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ይህን ሕግ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ካረጋገጡት ሰዎች አንዱ የእንግሊዛዊ ቢራ ጠማቂ ልጅ የነበረው ጄምስ ጁል ነው። ጉልበት የሚለካበት «ጁል» የተሰየመው በእርሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ውሃው እንምጣ። ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ለምን ከውሃ እንደ ጀመርን አትጠይቁኝም። ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን የምንጠብቅ፣ በርሜልና ጄሪካን የቤት ዕቃ የሆነብን ሰዎች ነን። በጨዋታው መጽሐፍ ላይ ጀማሪ የሆነ ፈዋሽ እንኳ ሊሠራው የሚችል አንድ ቀላል ችሎታ አለ፤ እስከ 10 ጋሎን፣ ማለትም 38 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ መፍጠር። ሁለት ጄሪካን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሲራራው በረሃ ላይ ውሃ ሲያልቅበት የፈዋሹ ተጫዋች ደረቱን ነፍቶ፣ «ውሃ እፈጥራለሁ» አለ።

«ከየት መጣ?» አልነው በአንድ ድምፅ።

ሁለት መልስ ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው፣ ውሃው ከምንም መጣ የሚል ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳሳየው ቁስና ጉልበት የአንድ ነገር ሁለት መልክ ናቸው፤ ቁስን ከጉልበት ለማግኘት የሚያስፈልገው ልክ፣ የቁሱ መጠን በብርሃን ፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነው። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ ያስደነግጣል። በስልክ ካልኩሌተር ሠራነው። ታላቁ የህዳሴ ግድባችን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተነገረው አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ተርባይኖቹ በሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ፣ 38 ሊትር ውሃ ከምንም ለመፍጠር የሚያስፈልገውን ጉልበት ለማመንጨት 21 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ለሁለት ጄሪካን ውሃ! ፈዋሹ ይህን ጉልበት በስድስት ሰከንድ ውስጥ ከእጁ ማውጣት አለበት፤ የጨዋታው አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ነውና።

ሁለተኛው መልስ፣ ውሃው ከአየር ተሰበሰበ የሚል ነው። ይህ ይሻላል። በክረምት የእኛ አካባቢ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 10 ግራም ገደማ የውሃ ትነት ይይዛል። ርዝመቱም ወርዱም አራት አራት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል በሆነ ክፍል ውስጥ ያለው አየር በሙሉ ቢጨመቅ የሚገኘው 400 ግራም ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ያህል። 38 ሊትር ለማግኘት የ95 ክፍሎችን አየር ማድረቅ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ትነት ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። የ38 ሊትሩ ሙቀት 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ከ7 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ቢሠራ ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል። በስድስት ሰከንድ ይህን ሁሉ ሙቀት የለቀቀ ፈዋሽ ከጥማቱ በፊት ራሱ ይቃጠላል። በረሃው ላይ ደግሞ አየሩ ከዚህ ይልቅ ደረቅ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉ አንድ ሌላ ምርጫም ይሰጣል፤ ያው ውሃ ወርዱና ርዝመቱ 9 ሜትር ያህል በሆነ ቦታ ላይ እንደ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። ይህንንም አሰላነው፤ ውሃው በዚያ ስፋት ላይ ሲሰራጭ ከፍታው ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የኮዬ ፈጬን የበጋ አቧራ እንኳ አያስተኛም።

ዕቃ ማንሳፈፍስ? እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን 12 ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት 2,350 ጁል ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከ60,000 ጁል በላይ አለው። ምንም ሳይባክን ቢሠራበት አንድ ማንኪያ ስኳር ከሃያ አምስት በላይ ጄሪካን አራተኛ ፎቅ ያወጣል። መፍጠር የማይቻል ያህል ውድ ሲሆን ማንሣት ርካሽ ሆነ።

በዚህ ግኝት ተደስቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሂሳቡን በጽሞና አዳመጠችኝ። ከዚያ የስኳር ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርዳ ፊቴ አስቀመጠችና፣ «በል አንድ ማንኪያ ልሰህ እነዚያን ሁለቱን አውጣቸው» አለችኝ። ሁለት ሙሉ ጄሪካኖች ከታች ነበሩ። አወጣኋቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ስተነፍስ የገባኝ፣ ሰውነት ከሚበላው ጉልበት አብዛኛውን ወደ ሙቀት እንደሚለውጠውና ከጄሪካኑ ጋር ራሱንም ተሸክሞ እንደሚወጣ ነው። ሂሳቡ ትክክል ነበር፤ የእናቴን ወገብ ግን አልመዘነም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ጣፈጠ። ግን አንድ ችግር መጣ። ተጫዋቾቼ ፊዚክስን እንደ መሣሪያ መጠቀም ጀመሩ። ይህ እኛን ብቻ የገጠመ ነገር አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። የእኛው ስሪት እንዲህ ነበር።

ሲራራው ሽፍቶች ወደ ያዙት አንድ በር ደረሰ። የምህንድስና ተማሪው ተነሣና እቅዱን አቀረበ። «2,000 መንደርተኞችን አንድ ሜትር ተኩል አራርቀን እናሰልፋለን። ሰልፉ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጨዋታው ሕግ እያንዳንዱ ሰው በተራው የተቀበለውን ዕቃ ለሚቀጥለው ማቀበል ይችላል፤ የሁሉም ተራ በአንድ ዙር፣ በስድስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰው የተነሣ ሙሉ ጄሪካን በስድስት ሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 500 ሜትር! ከድምፅ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ወደ በሩ ይለቀዋል።»

የጄሪካኑን የምት ጉልበት አሰላው፤ 2.5 ሚሊዮን ጁል። ሁለት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ታክሲ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር እየበረረ ግድግዳ ሲመታ ማለት ነው። ሁሉም አጨበጨቡለት። ሽፍቶቹ አለቀላቸው።

ታሪኩን የምመራው እኔ ስለሆንሁ ፍርዱ የኔ ነበር። አንዴ አሰብሁና፣ «ጄሪካኑ የመጨረሻው ሰው እግር ሥር ይወድቃል» አልሁ።

ተቃውሞው በረታ። ምክንያቴን ግን አስረዳኋቸው። በጨዋታው ሕግ ከሄድን፣ ማቀበል ማቀበል ነው፤ ፍጥነት የሚባል ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ምት የለም። በፊዚክስ ሕግ ከሄድን ደግሞ፣ ማንም ሰው በሰከንድ 500 ሜትር የሚመጣ ሃያ ኪሎ ዕቃ ተቀብሎ ማቀበል አይችልም፤ ሁለት ሺህ ጥንድ እጆች ይቆረጣሉ፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የለም። አንተ ግን ፍጥነቱን ከጨዋታው ወሰድህ፣ ምቱን ከፊዚክስ ወሰድህ፤ የሁለቱንም ዕዳ ሳትከፍል የሁለቱንም ትርፍ ፈለግህ። በገበያ ሲገዛ በአንድ ሚዛን፣ ሲሸጥ በሌላ ሚዛን የሚመዝን ነጋዴ ምን ይባላል?

እየሳቀ ቁጭ አለ። በወረቀታችን ላይ ሁለተኛ ሕግ ጻፍን፤ «በአንድ ተራ ሁለት ሚዛን አይያዝም።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአምስታችን አንዷ እኅት የሚጥል በሽታ አለባት። ይህን ጽሑፍ አንብባ እንዲወጣ ፈቅዳለች፤ ስሟን ግን አልጽፍም። ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ ማታ ክኒን ትወስዳለች። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ መውደቋ በጣም ስለቀነሰ ብዙ ሰው በሽታው እንዳለባት እንኳ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ዝም ብላ ተቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ ዕጣ አላወጣችም። ምን ሆነሽ ስንላት ነገረችን። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ሰው ዘመዶቿ ቤት በተደረገ ጸሎት ላይ እጁን ጭኖባት፣ ተፈውሰሻል ብሏታል። በዚህ አላበቃም። ክኒኑን መውሰድ የእምነት ማነስ ነው፣ አቁሚው አላት። ሁለት ሌሊት ሳትወስድ አድራለች። «ፈራሁ» አለች። «ብወስደው እግዚአብሔርን ያላመንሁ እንዳልሆን ፈራሁ። ባልወስደው ደግሞ ደረጃ ላይ እንዳልወድቅ ፈራሁ።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ እርሷው ራሷ ጆጉ ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች እያየች፣ በዝግታ፣ «ሰውዬው መነጽር አድርጎ ነበር» አለች።

ማንኛችንም ይህን አላሰብነውም ነበር። ያሰበችው እርሷ ናት። ሰውዬው ዓይኑ ሲደክም የብርሃንን ሕግ አምኖ መነጽር ሠካ፤ ወደ ቤቱ ሲመጣ በመኪና መጣ፤ ድምፁ እንዲሰማ ማይክሮፎን ያዘ። ለእርሱ ጉዳይ የተፈጥሮ ሕግ ይሠራል። ለእርሷ አእምሮ ሲሆን ግን ያው ሕግ ክህደት ሆነ። የእርሱ ሚዛን ሁለት ነበር፤ ቢሳሳት ደረጃ ላይ የምትወድቀው ግን እርሷ ናት።

የሚጥል በሽታ ምን እንደሆነ ያን ዕለት በአጭሩ ተነጋገርን። የአእምሮ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጣም ጥቃቅን በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ሕዋስ ሲያርፍ በውስጡና በውጪው መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት አሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ 70 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን ኤሌክትሪክ ከሰው ራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበው። ብዙ ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው በአንድ ጊዜ ሲነድዱ ሰውየው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ክኒኑ ያንን መነደድ ያረግበዋል። በድንገት ሲቋረጥ ግን መውደቁ ከቀድሞው ብሶ፣ ሳያቋርጥ እየተከታተለ ሊመጣና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ስለዚህ ማቆምም ሆነ መቀነስ የሐኪም ውሳኔ ነው።

ይህን ለምታነቡ ወጣቶች አንድ ነገር ላስታውስ። በኅብረታችሁ መካከል ሰው እንዲህ ሲወድቅ ክብሪት ጭራችሁ አፍንጫው ሥር አትያዙ፤ በአፉ ማንኪያም ሆነ ውሃ አታስገቡ፤ እጅና እግሩን አጥብቃችሁ አትያዙ። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደገመበት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

እኅታችን ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እሺ፣ አንተ በአንድ ተራ ሁለት ሚዛን አይያዝም ትላለህ። እኔ ክኒን እየዋጥሁ ብጸልይ ሁለት ሚዛን መያዜ አይደለም?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በችኮላ የሚመለስም አልነበረም። ሁላችንም አሰብንበት። እኔ የደረስሁበት ይህ ነው።

የጄሪካኑ ሰልፍ ጥፋት ሁለት ነገሮችን አብሮ መያዙ አልነበረም። ጥፋቱ ትርፉን ከሁለቱም ወስዶ ዕዳውን ከሁለቱም መሸሹ ነው። ክኒን እየወሰደች የምትጸልይ ሰው ከምንም ነገር አልሸሸችም። ለክኒኑ የሚገባውን ትከፍላለች፤ በየማታው ታስታውሳለች፣ በቀጠሮዋ ቀን ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ቀይራ ትሄዳለች። ለጸሎትም የሚገባውን ትከፍላለች፤ ልቧን ትከፍታለች፣ መልሱን ትጠብቃለች።

ደግሞም በጨዋታው ውስጥ ያለው ችሎታና ጸሎት አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። በጨዋታው ቃሉን በትክክል ካልህ፣ ዋጋውን ከከፈልህ፣ ውጤቱ መምጣት ግዴታው ነው፤ ቧንቧ እንደ መክፈት ነው። ለዚህ ነው «ከየት መጣ?» ብለን በጁል ልናሰላው የምንችለው። ጸሎት ግን ቧንቧ አይደለም። የምንለምነው አባትን ነው፤ አባት ደግሞ እሺ ሊል፣ ቆይ ሊል፣ በሌላ መንገድም ሊመልስ ይችላል። እጅ የጫነባት ሰው ጸሎቷን ወደ ቧንቧ ለወጠባት። «ይህን ካደረግሽ ያ ግድ ይሆናል፣ ካልሆነ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አላት። እናቴ ያን ቀን ልብስ ይዛ የቆመችለት ፍርሃት ይኸው ይመስለኛል፤ የተሰወረውን ቃል ካወቅህ ኃይሉን ታዝዘዋለህ የሚለው አሳብ። አስማት የሚለውን ቃል ከጨዋታችን አወጣነው፤ አሳቡ ግን በጸሎት ልብስ በሌላ በር ሊገባ ይችላል።

«ታዲያ ተአምር የለም ማለት ነው?» አለ ታናሹ ተጫዋቻችን። አይደለም። የህዳሴ ግድብ 21 ዓመት ለሁለት ጄሪካን የሚለው ሂሳብ የሚነግረን፣ እኛ ከምንም መፍጠር እንደማንችል ነው። ሕጉን ስለ ሠራው ስለ ፈጣሪ ምንም አይናገርም። እንዲያውም ያን ቁጥር ካየሁ ወዲህ የዝናብ ድምፅ በጣራ ላይ ስሰማ ሁለት ጄሪካን ውሃ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ አስባለሁ። ውቅያኖስ በሙሉ ስጦታ ነው። ስጦታ የሰጪው ነው፤ ማንም በስሙ ተነሥቶ በእኔ ቃል ይወርዳል ሊል አይችልም። እግዚአብሔር አንድን ሰው በቅጽበት ቢፈውስ፣ ያ ፈውስ የሐኪምን ምርመራ የሚፈራበት ምክንያት የለም። እውነት ከሆነ በምርመራውም እውነት ሆኖ ይታያል።

እኅታችን ያን ማታ ክኒኗን ወሰደች። ሰኞ ዕለት ታላቅ እኅቷና የወጣቶች ኅብረታችን አገልጋይ አብረዋት ወደ ሐኪሟ ሄዱ፤ ስለ ዘለለቻቸው ሁለት ሌሊቶች ነገረችው። በሚቀጥለው እሑድ አገልጋያችን በኅብረቱ ፊት፣ ማንንም በስም ሳይጠሩ፣ መድኃኒት አቁሙ የሚል ማንኛውም ቃል መጀመሪያ ወደ እርሳቸው እንዲመጣ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሁለት ወጣቶች በግል ወደ እርሳቸው መጥተው እነርሱም መድኃኒት እንደሚወስዱና እንደሚደብቁት ነግረዋቸዋል። እነማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም።

ወጣቶች ሆይ፣ ትልቅ ተስፋ የሚሰጣችሁን ሰው መናቅ አያስፈልግም፤ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚሰጠኝ ነገር ከየት መጣ? ባይሆን የሚከፍለው ማን ነው? የሚናገረኝስ ሰው በእኔ ላይ በጫነው ሚዛን ራሱ ይመዘናል? ገንዘብ በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል ለሚላችሁም ያው ጥያቄ ይሠራል። ይህን ለመጠየቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም፤ እናቴ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰችም።

ጨዋታችን ቀጥሏል። ሲራራው አሁን በረሃውን አልፎ ወደ ደጋው እየወጣ ነው፤ የፈዋሹ ተጫዋችም ውሃ መፍጠሩን ትቶ ጉድጓድ የት እንደሚቆፈር የሚያውቅ ሰው ሆኗል። አንዳንድ ጊዜ ታሪኩ ሲጥመን ሳናውቀው ይመሻል። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የእኅታችን ስልክ ይጮኻል። ያኔ እኔ ታሪኩን አቋርጬ፣ «ሲራራው ለአፍታ ቆመ፤ ግመሎቹ ውሃ ይጠጣሉ» እላለሁ። አንዱ ከጆጉ ውስጥ ወረቀቶቹን ያወጣል፣ ሌላው ከጄሪካኑ ውሃ ቀድቶ ብርጭቆውን ያቀብላታል። ስትጨርስ ዕጣ ታወጣለች፤ ጉዞው ይቀጥላል።